የጦርነትን ታሪክ በጭፈራ ስለ ማስተማር

ልጅ በጆሮው ብቻ የሰማውን ፈጥኖ ይረሳል፤ በእግሩ የረገጠውንና በትከሻው የመታውን ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ ይዞት ይኖራል። ይኸንንም አባቶቻችን ሊቃውንት አስቀድመው ያወቁት ነገር ነው። በቅኔ ማኅሌት መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ሲወዘወዝ ጌታችንን ሲያንገላቱት የመኾኑ ምሳሌ ነው፤ የከበሮውም ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው እየተባለ፣ ደቀ መዝሙሩ እንቅስቃሴውን ከነትርጓሜው ይማራል። እንግዲህ የመስቀሉን ሕማም በዜማና በሽብሸባ ማስተማር የተገባ ከኾነ፣ የአርበኞችን ድካም በጭፈራ ማስተማር ነውር ሊኾን አይችልም።

ይህን ለመሞከር ከአዊ አገር የተሻለ ስፍራ አይገኝም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ የዐድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም በጥር 23 ቀን በእንጅባራ በጉግስ፣ በሽርጥና በስግሪያ ይከበራል። ነገር ግን የጥርባ ልጅ በዚያ በዓል ተመልካች ኾኖ እልል ብሎ ቢመለስ፣ ፈረሱ ስለ ምን እንደ ጋለበ ካልተነገረው ያየው አቧራ ብቻ ነው።

በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ተሠርቶለታል፤ ውዝዋዜም በውስጡ አለ። የታሪክ መምህሩና የጥበባት መምህሩ ተስማምተው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን የአምስት ዓመት ተጋድሎ በአዊኛ ዘፈንና በአገሩ ጭፈራ ቢያስተምሩ፣ ወጪው ከአንድ ከበሮ አያልፍም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ኾኖም አንድ ብርቱ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት ከመጽሐፍ ተለይተዋል። የተኩስ ድምፅ በገዛ ጆሮው ለሰማ የ13 ዓመት ልጅ ፉከራና ሽለላ ብቻ ቢያስተምሩት፣ ወይ ጦርነትን እንደ ጨዋታ ያየዋል፣ ወይ ያልዳነ ቍስሉን ይነኩበታል። ፉከራ ድል ያደረገውን ያወድሳል፤ የወደቀውን የሚያነሣው ግን ሙሾ ነው። አንዱን ያለ ሌላው ማስተማር ታሪክን በእኩሌታው መቍረጥ ነው።

ስለዚህ ጭፈራው ሙሉውን ነገር ይያዝ። በክተት ነጋሪት ይጀምር፤ ስንቅ አዝለው ወደ ዱር የወረዱትን ሴቶች ያሳይ፤ ከወገን መካከል ባንዳ የኾኑ እንደ ነበሩም አይሸሽግ፤ በመጨረሻም በሙሾና በጸጥታ ይፈጸም። በየመካከሉም መምህሩ፦ ይህ እርምጃ ምንድር ነው? ብሎ ይጠይቅ። ልጁም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጎጃም የተጋደሉበትን ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የገቡበትን፣ በየካቲትም ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሸሸበትን ከነስፍራው ይመልስ። መመለስ ያልቻለ ልጅ ዘለለ እንጂ አልተማረም።

ይህም ኹሉ ልጁ የጣልያንን ሕዝብ እንዲጠላ ወይም በጎረቤቱ ላይ እንዲፎክር አይደለም፤ ነፃነት በስንት ሕይወት እንደ ተገዛ ዐውቆ ሰላምን እንዲወድ ነው እንጂ። የዋጋውን ክብደት ያወቀ ሰው ዕቃውን በከንቱ አይጥልምና።

ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩ አረጋውያን ዛሬ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የትምህርት ሹማምንት ሆይ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት በኾነበት ኹሉ ለዚህ ሥራ ጊዜ መድቡ። መምህራነ ቤተ ክርስቲያን ሆይ፣ እናንተም እንቅስቃሴን ከትርጓሜ ጋራ የማስተማር ጥበባችሁን ለአስኳላው መምህር አትንፈጉት። ልጆቻችን ከበሮውን በሰሙ ጊዜ እግራቸው ብቻ ሳይኾን ልባቸውም ይነሣ።