ያላዩትን ሠራተኛ ማሠራት፦ ከመተማ የሰሊጥ እርሻ እስከ ኢንተርኔት ንግድ

በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውኃ የሚኖር አንድ ነጋዴ የሰሊጡንና የዕጣኑን ፎቶግራፍ በቴሌግራም አስተዋውቆ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ዕቃውን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ሊልክ ይችላል። ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ግን ለደንበኞች መልስ የሚሰጥ፣ ትእዛዝ የሚመዘግብ፣ የዋጋ ዝርዝር የሚያድስና ሒሳብ የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው የግድ ከነጋዴው አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ ስልክና ኢንተርኔት እስካለው ድረስ ባሕር ዳርም ሆነ አዳማ ተቀምጦ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። በውጭው ዓለም እንዲህ ያለው ሠራተኛ ቨርቹዋል አሲስታንት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የርቀት ረዳት እንለዋለን።

የርቀት ረዳት የሚቀጥሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ነው በሚል ብቻ የምሥጢር ቁልፋቸውን ሁሉ ያስረክባሉ። ሌሎቹ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው እየደወሉ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም መንገዶች የሚመነጩት ከአንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም ሥራን የምንመራው ሠራተኛውን በማየት ነው የሚለው ነው። የራቀን ሠራተኛ መምራት የሚቻለው ሰውየውን በማየት ሳይሆን ሥራውን በማየት ነው። ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ራሱ ጥሩ መምህር ነው።

ከሰሊጥ የሚገኝ ትምህርት

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሚገኙ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች ባለቤቶች ሁሉ ከእርሻቸው ላይ አይኖሩም። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ እርሻውን በወኪል የሚያሠራ ባለሀብት ብዙ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ሲጨቀይ መንገዱ ይዘጋል፤ ባለቤቱም ሊሄድ ቢፈልግ እንኳ መሄድ የማይችልበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ሰሊጥ ስሕተትን የማይታገሥ ሰብል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ በጊዜው ካልታረመ አረም ይውጠዋል። የፍሬ ከረጢቶቹም የሚበስሉት ከሥር ወደ ላይ ነው። ከላይ ያለው እስኪደርስ ብዙ ከተጠበቀ ከሥር ያለው ተከፍቶ ይራገፋል፤ ቀድሞ ከታጨደ ደግሞ የላይኛው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። የአንድ ዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት መዘግየት መሬት ላይ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ባለቤቱ ወኪሉ ከጧት እስከ ማታ ምን ሲያደርግ እንደዋለ ሊያውቅ አይችልም። ሊያውቃቸው የሚችላቸው ነገሮች ግን አሉ፤ የታረመው መሬት ስንት ሔክታር እንደሆነ፣ አጨዳው በስንተኛው ቀን እንደተጀመረ፣ ወደ መጋዘን የገባው ስንት ኩንታል እንደሆነ። ብልህ ባለቤት የሚጠይቀው እነዚህን ነው። የአጨዳው ቀን ሲደርስ ግን ውሳኔውን ለወኪሉ ይተዋል፤ የሰሊጡን ቅጠል ቢጫ መሆን የሚያየው እርሻው ላይ ያለው ሰው ነውና።

ሳይንሱ ምን ይላል?

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ሁኔታ የአሠሪና የወኪል ችግር ይሉታል። መሠረቱ የመረጃ አለመመጣጠን ነው፤ ወኪሉ የሚያውቀውን አሠሪው አያውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ በማድረግ፣ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ጥሩው ዕቃ ከገበያ እስከ መውጣት ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። ለሠራተኛም እንዲሁ ነው። ትጉህና ሰነፍ ረዳት እኩል የሚጠረጠሩና እኩል የሚከፈላቸው ከሆነ ትጉሁ ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል።

ችግሩ ጥንታዊ ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፉስጣጥ (በዛሬዋ ካይሮ) ይኖሩ የነበሩ የመግሪብ አይሁድ ነጋዴዎች በሜዲትራንያን ዙሪያ ባሉ ወደቦች ወኪሎችን ያሠሩ ነበር። የጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በአንድ የካይሮ ምኩራብ ጓዳ ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል። አቭነር ግራይፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አንዱን ነጋዴ ያጭበረበረ ወኪል በሌሎቹም ዘንድ እንዳይቀጠር ወሬው በደብዳቤ ይዳረስ ነበር። ታማኝነትን ያቆየው የየዕለቱ ቁጥጥር ሳይሆን የመልካም ስም ዋጋ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማም ምርት መረከቢያ መጋዘን ከፍቷል። ሰሊጡ እንደገባ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፤ አስረካቢውም የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ሻጩን ሳያውቅ፣ እህሉንም ሳያይ መግዛት የሚችለው ደረጃው በቃላት የተወሰነ ስለሆነ ነው። ለርቀት ረዳት የሚሰጥ ሥራም ደረጃ ሊወጣለት ይገባል። «ደንበኞችን በደንብ ተከታተል» ማለት ደረጃ አይደለም። «ማንኛውም ጥያቄ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ ያግኝ፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከገዢው ስም፣ ከመጠኑና ከክፍያው ቁጥር ጋር ይመዝገብ» ማለት ግን ደረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤንት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳመለከቱት፣ አንድ ሠራተኛ ብዙ ተግባራት ኖረውት ክፍያው ለመለካት ከሚቀለው ጋር ብቻ ከታሰረ የማይለካው ተግባር ይረሳል። ረዳቱ በመለሰው መልእክት ብዛት የሚከፈለው ከሆነ መልሱ አጭርና ግድየለሽ ይሆናል። በመሬት ስፋት ብቻ የሚከፈለው አራሚም ሥሩን ትቶ ቅጠሉን ቢቆርጥ አያስገርምም። ስለሆነም ቋሚ ደመወዝ፣ ከጥቂት ግልጽ መለኪያዎችና አልፎ አልፎ ከሚደረግ የናሙና ምርመራ ጋር ቢጣመር ይሻላል።

ቅጥርና ቁልፍ

ረዳትን ለመምረጥ የትምህርት ማስረጃም ሆነ የዘመድ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ የሚሻለው ከእውነተኛው ሥራ ላይ ትንሽ ቆርሶ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ሳምንት ትእዛዞችን መዝግቦ ከባንክ መግለጫ ጋር እንዲያስታርቅ ማድረግ። ለዚህ ሙከራ መክፈል ግዴታ ነው። ሥራን በፈተና ስም በነፃ ማሠራት ውሎ አድሮ የአሠሪውን መልካም ስም የሚያጠፋ ነውር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ይህ ጊዜ ለትዝብት በቂ ነው።

የምሥጢር ቁልፍን በተመለከተ ደግሞ የኮምፒዩተር ሳይንስ ግልጽ መመሪያ አለው። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ማንኛውም ተጠቃሚ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ሥልጣን ብቻ ሊሰጠው እንደሚገባ አስፍረዋል። የቴሌግራም ቻናልም ሆነ የፌስቡክ ገጽ ባለቤቱ የራሱን የይለፍ ቃል ሳይሰጥ ለረዳቱ የተወሰነ ሥልጣን እንዲያካፍል ይፈቅዳሉ። የቴሌብርና የባንክ የምሥጢር ቁጥር ግን ለማንም አይሰጥም። ክፍያን የሚመዘግበው አንድ ሰው፣ ገንዘብን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ይሁን። ይህ ረዳቱን መጠርጠር አይደለም፤ ገንዘብ በጎደለ ቀን ንጹሑን ሰው ከሐሜት መጠበቅ ነው። ከዚህም ሌላ የደንበኞች ስምና የስልክ ቁጥር የነጋዴው የግል ንብረት አለመሆኑን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያስታውሰናል።

ረዳትና ወኪልንም መለየት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይደነግጋል፤ ወኪል በወካዩ ስም ሕጋዊ ተግባር የሚፈጽም፣ በቅን ልቦና የመሥራትና ሒሳብ የማቅረብ ግዴታም ያለበት ሰው ነው። ረዳቱ ዋጋ የመቀነስ ወይም ውል የመግባት ሥልጣን ያለው መሆን አለመሆኑ በቅድሚያ በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ የኋላ ኋላ ጠብ አይቀሬ ነው።

የሚቋረጥ መስመር

ለቆላው ነጋዴ ከሁሉ የሚከብደው የመገናኛ መቋረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህም የመተማና የገላባት ንግድ ሁኔታ ተለዋውጧል። እንዲህ ባለ አካባቢ ሥራን በየደቂቃው ጥሪ ለመምራት የሚሞክር ሰው መስመሩ በተቋረጠ ቀን ንግዱ ሁሉ ይቆምበታል። መመሪያውን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ግን ረዳቱ አዳማ ተቀምጦ ቢያንስ ለደንበኞች «ጭነቱ ዘግይቷል» ብሎ በጊዜው እንዲያሳውቅለት ያደርጋል። ለሦስት ቀን ካልተገናኘን ምን ይደረግ፣ የትኛው ትእዛዝ ይታገድ፣ ለማን በመደበኛ ስልክ ይነገር የሚሉት በአንድ ገጽ ሊሰፍሩ ይችላሉ።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ገንዳ ውኃ ተቀምጣ ዋሽንግተን ላለ አሠሪ የምትሠራ ተመራቂ ልትኖር ትችላለች። የሰዓቱ ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። እኛ «ጧት 3 ሰዓት» የምንለውን እነርሱ 9 ይሉታል፤ የዘመን አቆጣጠሩም ይለያያል። ስለዚህ ቀጠሮ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከዚህ በላይ ግን አንድ የፍትሕ ጥያቄ አለ፤ ሠራተኛዋ ባላጠፋችው ምክንያት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኪሳራውን ማን ይሸከም? በእኔ አስተያየት ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊሸከም ይገባል። በአካባቢው ሌላ ሥራ ለማግኘት ለሚቸገሩ ወጣቶች የመስመሩን አደጋ ሙሉ በሙሉ ማሸከም፣ በመረጃ ብቻ ሳይሆን በአቅምም የማይመጣጠን ውል ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚሉ ወገኖች ይህ ሁሉ ጽሑፍና መለኪያ እምነትን ያቀዘቅዛል ይሉ ይሆናል። እርግጥ አጠገብ ያለ ሰው ብዙ ነገር ሳይነገረው ይገባዋል። ሆኖም ጎረቤትም ቢሆን ሥራው ካልተነገረው ሊወቀስ አይገባም። ጽሑፉ አሠሪውን ብቻ አይጠብቅም። ደመወዟ በቀኑ ይከፈላት ዘንድ፣ ያልታዘዘችውን ባለመሥራቷ እንዳትወቀስ፣ የሠራችውም በስሟ ይመዘገብላት ዘንድ ረዳቷ ይበልጥ ትፈልገዋለች። ስለሆነም የርቀት ረዳት ለመቅጠር ያሰበ ሰው ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ቢያደርግ መልካም ነው፦ የሚያሠራውን ሥራ፣ ሥራው ተሠርቷል የሚባልበትን ደረጃና የክፍያውን ቀን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ። ይህን መጻፍ ካቃተው የጎደለው ረዳት አይደለም፤ የራሱን ሥራ ገና አላወቀውም ማለት ነው።