«ማን አሸነፈ?»

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በተደረገ ሰሞን ነው። አሜሪካ የነበረ አንድ ወንድማችን ቡሬ ላለችው ባለቤቱ በደወለ ቁጥር የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፦ «ማን አሸነፈ?» ሌሊቱን ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያድራል፤ ውጭ አገር የምርጫ ጣቢያ ስላልነበረ ግን ድምፅ መስጠት አልቻለም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም እንዲሁ ነበር።

አንድ ቀን እህታችን፣ «ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ አትልም?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በስልክ አብረው መጸለይ ጀመሩ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አገርም። ለመንደሩ ትምህርት ቤት ደብተር መላክም ጀመረ።

በኤርምያስ 29፥7 እግዚአብሔር ምርኮኞቹን ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ስለ ተወለዱባትማ እንዴት ይልቅ! ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል፤ ስልኩ ግን በየሳምንቱ ይደወላል። እናንተስ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው?