ወደ ሽንፋ የሚላክ ሰባኪ ምን ተምሮ ይሂድ?

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ጠረፋማ አካባቢ አገልግሎት ሲወያዩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ስንት ሰባኪ እንላክ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሚላከው ሰው ምን ተምሮ ይሂድ የሚለው እምብዛም አይነሳም። ይህኛው ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ለምን እንደሆነ ለማየት ሽንፋን ማሰብ ይበቃል።

ሽንፋ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ናት። ስሟን የሚጋራው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ክረምት ላይ ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው እዚያው እርሻው ላይ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ግራር ሥር ይተኛል። በአካባቢው ጉሙዝ አለ፣ ከደጋ መጥቶ የሰፈረ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህም በመተማ በኩል የገባ ስደተኛ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ ሕዝብ የሚላክ ሰባኪ አንደበቱ ብቻ የሠለጠነ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ከ180 ዓመት በፊት ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ኮረብታ ላይ ተሞክሯል፤ የሙከራው ዱካም እስከ ኢትዮጵያ ደርሷል።

በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ስፒትለር የተባለ ሰው፣ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የቅድስት ክሪሾና ኮረብታ፣ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ከፈተ። ተማሪ አድርጎ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ ሰው አልነበረም። የእጅ ባለሙያና የገበሬ ልጅ ሰበሰበ። ቀኑ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ግማሹ ለመጽሐፍ ቅዱስና ለትምህርት፣ ግማሹ ለእርሻና ለእጅ ሥራ። የስፒትለር ሐሳብ ቀላል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንደ ሰበከ ሁሉ ሚስዮናዊውም የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ በሙያው ያድራል፤ በዚያው ሙያም ለሚኖርበት መንደር ይጠቅማል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንም። የቆሎ ተማሪም ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ነው የሚማረው። ጎንደር ይህን ሥርዓት ለዘመናት አኑራለች። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የቆሎ ተማሪ የእጅ ሥራ የሚያገለግለው ትምህርት ቤቱን ነው፣ የክሪሾናው ግን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ላለው መንደር ታስቦ የተሰጠ ነው።

በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው መንገዱን አጠኑ። ከኋላቸው ሆኖ ነገሩን የሚያንቀሳቅሰው በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበር፤ እሱም በ1830ዎቹ ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። በ1856 የክሪሾና ባለሙያዎች መግባት ጀመሩ። አፄ ቴዎድሮስ በራቸውን ቢከፍቱም ሁኔታ አስቀመጡ። ኦርቶዶክሱን ክርስቲያን መስበክ አይፈቀድም፤ ቤተ እስራኤልን ማስተማር ይቻላል፣ ያመነ ግን የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ የፈለጉት ሰባኪውን ሳይሆን ባለሙያውን ነበር።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ባለሙያዎቹ ልጆች አስተማሩ፣ የሥራ ቤትም ከፈቱ። ትምህርት ቤቱን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የሚታወሰው መድፉ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን የሚያውቀው ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ የወንጌል ትምህርት ቤት ባፈራቸው እጆች የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ይቻላል። ሙያ ብቻውን ሰባኪውን አያድነውም፤ ሙያውን ለምን እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለመንደር የታሰበው እጅ ለቤተ መንግሥት ይውላል። እነ ቫልድማየር ይህን ሸክም እስከ መቅደላ ተሸክመውታል። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ከ1868 በኋላ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ አስፉሪያ በተባለ ቦታ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል። ነፃ ሲሆን ያው እጅ ምን እንደሚሠራ ታየ ማለት ነው።

ለሽንፋ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን የመተማው ነው። ስፒትለር «የሐዋርያት ጎዳና» የሚል እቅድ ነበረው፤ ከግብፅ ተነስቶ በዓባይ ሸለቆ በኩል እስከ ኢትዮጵያ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ ማረፊያዎችን መትከል። ከሱዳን ወደ ጎንደር የሚወጣው የንግድ መንገድ በመተማ ያልፋል። በ1862 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እዚያ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን አገኘ። አንዱ አንጥረኛ ነው። ሁለቱም በንዳድ ወድቀዋል። ቤከር እንደሚጽፈው ጎጇቸውን የሠሩት የሞቱ እንስሳት ከሚሸቱበት ከተበከለ ወንዝ ዳር ነበር፤ የሚጠጡትም ያንኑ ውኃ ነው። አንጥረኛው አቅም አጥሮት እንኳ ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ነገር ጥቅስ ይጠቅስ ነበር።

ቤከር ፌዘኛ ነው፤ ሚስዮናውያንንም አይወድም። ቢሆንም ያየው ነገር እውነት አለው። እነዚያ ሰዎች ብረት መቀጥቀጥ ያውቁ ነበር፣ መጽሐፉንም በቃላቸው ይዘዋል። ጎጆ የት እንደሚቀለስና የትኛው ውኃ እንደሚጠጣ ግን አላወቁም። የአውሮፓ ኮረብታ ላይ የቆላን ኑሮ የሚያስተምር አልነበረም። ከዚያ በብዙ ዘመን የሚቀድመው ማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም በዚሁ ቆላ ውስጥ ይኖራል፤ መነኮሳቱ አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አገሩን ያውቁታል። የመተማ ሚስዮናውያን ሊማሩበት የሚገባው ትምህርት ቤት ቅርባቸው ነበር።

ዛሬ ያ ስህተት ታርሟል ማለት አይቻልም። የአገሪቱ ስም ያላቸው የሥነ መለኮት ኮሌጆች፣ ቅድስት ሥላሴም ሆነ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ ያሉት በደጋ ከተማ ነው። ይህ ለሊቅነት ጥሩ ነው። ለቆላ አገልግሎት ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውም ቋንቋ ነው። ጉሙዝ መንደር ገብቶ በአማርኛ ብቻ የሚሰብክ ሰው የሚያገኘው አማርኛ የሚችለውን ወንድ ነው፤ ሴቷና ሽማግሌው ከጉባኤው ውጭ ይቀራሉ። ጉሙዝኛ ተናጋሪውን ወጣት ራሱን አስተምሮ መላክ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለጠረፍ አካባቢ ተወላጆችን መርጠው የሚያሠለጥኑ የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም ማኅበራት አሉ፤ ትክክለኛው መንገድ የእነሱ ነው።

ሁለተኛው ጤና ነው። እዚህ ላይ ነገሩ የሕይወትና የሞት ይሆናል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር አካባቢ ነው፤ ልክ የቀን ሠራተኛው በሚተኛበት ቦታ ማለት ነው። ሕመሙ ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ያመጣል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ከታከመ አብዛኛው ይድናል፤ መተማ ሆስፒታልም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ያክማሉ። በ2005 በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሲነሳ በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች በኩል ወደ ደጋው እንደገባ ነው ተመራማሪዎች ያመለከቱት። በሽተኛው ግን ወባ ነው ብሎ ክኒን እየገዛ፣ ወይም ጸበል ቦታ እየቆየ ጊዜው ያልፍበታል።

ያ ሰው ከሐኪም በፊት የሚያገኘው ማንን ነው? ቄሱን፣ ሰባኪውን፣ ፓስተሩን ነው። «ጸበሉንም ጠጣ፣ ሐኪም ቤትም ሂድ፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ስለ ካላዛር ጠይቃቸው» የሚል አንድ ቃል ከአውደ ምሕረት ሲወጣ የሚሰማበት ጆሮ የጤና ጽሕፈት ቤት ፖስተር የለውም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው ሰባኪን ጤና ረዳት ማድረግ ሥራውን ያስረሳዋል የሚል ነው። ማንም መርፌ ይውጋ አላለም። ምልክቱን አውቆ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የሁለት ቀን ትምህርት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሰጠው ትችላለች። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፤ እርዳታ የሃይማኖት ማስለወጫ ይሆናል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፣ በአገሪቱም ብዙ ቁርሾ ያስከተለ ነገር ነው። መፍትሔው ግን ሰባኪውን አላዋቂ ማድረግ ሊሆን አይችልም። ታማሚውን ወደ መንግሥት ሆስፒታል የላከ ሰው በእጁ የያዘው መደለያ የለም፤ መድኃኒቱ የእሱ አይደለም፣ አልጋውም የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ለቆላ የሚዘጋጅ ሥልጠና አንዱ ክፍል ቆላ ውስጥ ይሰጥ፤ ያውም በክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አረሙ ሲበረታ። ሰልጣኙ ጠዋት መጽሐፉን ያጥና፣ ከሰዓት ከአራሚዎቹ ጋር ይዋል፣ ማታ አጎበር ይወጥር፣ ውኃውን አፍልቶ ይጠጣ። ከጉሙዝ ሽማግሌ ቃል ይማር፣ ከማኅበረ ሥላሴ አባቶችም ምክር ይጠይቅ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ስንቱ «ልሂድ» እንደሚልና ስንቱ «ልቆይ» እንደሚል ይታያል፤ ለላኪዎቹም ከየትኛውም የምረቃ ውጤት በላይ የሚነግራቸው ይህ ነው።