ንጉሥ አይከሰስምን?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአበው ምሳሌ። በዚህ አባባል መሠረት ሰማይን ማረስ የማይቻለውን ያህል ንጉሥንም በሕግ ፊት አቁሞ መጠየቅ አይቻልም። ይሁን እንጂ ዛሬ እንደ እንግሊዝ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይና ጃፓን ያሉ አገሮች ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት እየተዳደሩ ዘውዳቸውንም እንደ ያዙ ይኖራሉ። ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ይባላል። በአገራችንም ይኸው ሥርዓት ቢመለስ መልካም ነው የሚሉ ወገኖች አልጠፉም። በእኔ አስተያየት ግን የአንድ መንግሥት ዋጋ የሚለካው ዘውድ በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ አይደለም። የሚለካው ሕዝብ ገዥውን በሕግ ለመጠየቅና ያለ ደም ለማውረድ በመቻሉ ነው። ይህን የሚያሟላ ሥርዓት ለመገንባት ደግሞ ኢትዮጵያ ዘውድ አያስፈልጋትም።

በመጀመሪያ በእነዚያ አገሮች ዘውዱ እንዴት ሊቆይ እንደ ቻለ እንመልከት። በእንግሊዝ ንጉሡ ይነግሣል እንጂ አይገዛም፤ የሚገዛው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እርሱም የምክር ቤቱን አመኔታ ካጣ ከሥልጣኑ ይወርዳል። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1947 በሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት የአገርና የሕዝብ አንድነት ምልክት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የኖርዌይ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1905 በሕዝበ ውሳኔ ዘውድን ሲመርጥ፣ የግሪክ ሕዝብ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 በሕዝበ ውሳኔ ዘውድን ሽሯል። ከዚህ የምንረዳው በነጻ ሕዝብ ዘንድ ዘውድ የሚቆየው በደም መብት ሳይሆን በሕዝቡ ፈቃድ መሆኑን ነው።

ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ብቻውን የሕዝብ ነጻነት ዋስትና እንደማይሆን ለማወቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚያመራው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. በቆየው ዘመነ መሳፍንት በአንደኛው መንገድ ጫፍ በጎንደር ዘውድ የጫኑ ነገሥታት ይቀመጡ ነበር። በሌላው መንገድ በደብረ ታቦር ደግሞ እንደ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ያሉ የየጁ ራሶች እውነተኛውን ሥልጣን ይዘው ይገዙ ነበር። መሳፍንቱ ንጉሥ ያነግሡ፣ ንጉሥም ይሽሩ ነበር፤ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ተሽረዋል። እንግዲህ ንጉሡ ሥልጣን አልነበረውም፤ ባለሥልጣኑም የሚገታው ሕግ አልነበረበትም። በሁለቱ መካከል የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ገበሬ፣ እንደ ሌላው የአገሩ ገበሬ ሁሉ፣ ሠራዊት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀለብ ከመስፈር በቀር አቤት የሚልበት አልነበረውም።

ኋላም ሕገ መንግሥት ተጻፈ። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተዘጋጅቶ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ምሳሌውን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ደግሞ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ይህ በእርግጥ አንድ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጃፓን የንጉሠ ነገሥቷን ሥልጣን በሕግ ከወሰነች ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው የእኛ ሕግ የአገሪቱን የበላይ ሥልጣን አሁንም ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ፤ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለእርሱ ሆነ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የቆየ ምሳሌ በዚህ ጊዜ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ ማለት ይቻላል።

ገዥን በሕግ የማውረጃ መንገድ የሌለበት አገር ገዥውን የሚያወርደው በኃይል ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ነገሩ የተቋጨው በሰገሌ ጦር ሜዳ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤት ተጠያቂ የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ጊዜው አልፎ ስለ ነበር ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወታደሮች እጅ ወረዱ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ይሁንና የዘውድ መሻር ብቻውን ዴሞክራሲን አላመጣም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥራ ሰባት ዓመታት ገዥው ዘውድ ባይደፋም ተጠያቂነት አልነበረበትም፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ርብ ክረምት በገባ ቁጥር ከዳሩ እየወጣ ማሳውን ለሚያጥለቀልቅበት የፎገራ ገበሬ የወንዙን ስም ብንለውጥለት ጎርፉ አይቀርለትም፤ የሚያስፈልገው ክትር ነው። የሥልጣንም ክትሩ ሕግ ነው።

የዘውድ ደጋፊዎች «ንጉሥ ከፓርቲዎች በላይ ስለሆነ ሕዝብን ያስተባብራል፤ ታሪክንም ያስቀጥላል» ይላሉ። ይህ ክርክር ሊናቅ አይገባውም። ለብዙ ሰው ዘውዱ የአገር ነጻነት መታሰቢያ ነው። ነገር ግን የ1948ቱ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተከታይ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ አልጋ ወራሽነትንም በአንድ ቤተሰብ ወንዶች ልጆች ወስኖ ነበር። ልዩ ልዩ ሃይማኖትና ቋንቋ ያለው ሕዝብ ከአንድ ቤት በሚወለድ ሰው ሁሉም እኩል ራሱን ሊያይ ይቸግረዋል። በሌላ በኩል ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የአገር ርእሰ ብሔር የሆነ ፕሬዚዳንት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ለስድስት ዓመት እንዲመረጥ ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለዚህ ከፖለቲካ ሥልጣን የራቀ፣ የአገር ምልክት የሚሆን ሰው ከተፈለገ ቦታው አለ፤ ለዚያ ቦታ መወለድ ግዴታ አይደለም። ቦታው ክብሩን እንዲያገኝ ማድረግ ግን የመራጮቹና የተመራጩ ፋንታ ነው።

ተማሪዎች፣ በየሰፈራችሁ ያለውን እድር ተመልከቱ። የእድሩ ዳኛ የሚሾመው በአባላቱ ምርጫ ነው፤ የእድሩን ገንዘብ በሚመለከት ይጠየቃል፤ ካጠፋም ይሻራል። እርሱ ሲሞት ልጁ ይተካ የሚል የለም፤ «ከእሳት አመድ ይወለዳል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋልና። ለቀብር ድንኳንና ለጥቂት ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ ለአገር የማንጠነቀቅበት ምክንያት አይኖርም። አበው «ንጉሥ አይከሰስ» እንዳሉ ሁሉ «በሕግ አምላክ» ሲባሉም ብርቱው ከደካማው ጋር እኩል ቆሞ ይዳኝ ዘንድ ፈቅደዋል። ከአባቶቻችን የወረስናቸው እነዚህ ሁለት ቃላት አብረው ሊጸኑ አይችሉም፤ ጠብቀን ለልጆቻችን ልናስተላልፍ የሚገባን ሁለተኛውን ነው።