ከበሽተኛው በፊት መረጃው ይድረስ

ዛሬ ስለ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስለ ኢንተርኔት መስመርም ነው የምናወራው። «ዶክተር ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ የሁላችንንም ጤና ይመለከታል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከአንበሳሜ አካባቢ ሪፈር ተጽፎላቸው መጡ። ከፌስታል ያወጡት ወረቀት በዝናብ ርሶ ጽሑፉ አይነበብም።

«እናቴ፣ ምን መድኃኒት ነበር የሰጡዎት?»
«ነጯን ክኒን ነዋ ልጄ።»
«ራጅስ ተነሥተዋል?»
«ተነሥቻለሁ። ፊልሙን እዚያው አስቀሩት።»

ምን እናድርግ? ምርመራውን ከዜሮ ጀመርን። ደሙም ሁለት ጊዜ ተቀዳ፣ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ቀኑም ባከነ።

ይህ የአንድ ባለሙያ ጥፋት አይደለም። በአገራችን አሠራር አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉት፤ ከበላዩ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ፣ ከዚያ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሲታቀድ አንድ ሰንሰለት ነው። በተግባር ግን ሰንሰለቱን የሚያያይዘው በሽተኛው ይዞት የሚዞረው ብጣሽ ወረቀት ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ የፋይበር መስመር ከተማ ላይ መቆም የለበትም፤ ጤና ጣቢያው ድረስ ይግባ።

«ሞባይል ዳታ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ወርሃዊ ሪፖርት ለመላክ ይበቃል። ለምስል ግን ይቸግራል። 500 ሜጋባይት የሆነ የሲቲ ስካን ምርመራ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲላክ፣ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ100 ሜጋቢት ፋይበር 40 ሴኮንድ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለሚፈስ ሰው ልዩነቱ የሕይወት ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ባለሙያም ነፍሰ ጡሯን በአልትራሳውንድ እያየ፣ ምስሉን በቀጥታ ለስፔሻሊስት አሳይቶ «ልላካት ወይስ እዚሁ ትቆይ?» ማለት ይችላል። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ በውኃ ሲተኛ ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም፣ ሁሉን በአንድ መንገድ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አይተናል።

ሌላም ትምህርት አለን። በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ አጠገብ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ተቀስቅሶ ነበር። በሽታው እስኪታወቅ ድረስ ብዙዎች «መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው» እየተባሉ ታከሙ፤ የሞቱም አሉ። እያንዳንዱ ጤና ተቋም የሚያየው የራሱን ጥቂት በሽተኞች ነው። የሁሉም መዝገብ በአንድ ቦታ ሲታይ ግን «ይህ ሁሉ ሰው የወባ መድኃኒት ወስዶ ለምን አልዳነም?» የሚል ጥያቄ ቶሎ ይነሣል። መስመሩ ብቻውን ምርመራውን አይሠራም፤ ጥያቄውን ግን ያፈጥነዋል።

ወረዳኔት የሚባለው የመንግሥት መስመር ከተዘረጋ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አመራሮች በቪዲዮ ይሰበሰቡበታል። ስብሰባ በመስመር ከሄደ፣ የእናቶቻችን ራጅ በፌስታል የሚሄደው ለምንድን ነው?

እርግጥ ፋይበር ተአምር አይሠራም። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሶላር፣ መስመር ሲቆረጥም መዝገቡን እዚያው የሚይዝ ኮምፒውተር፣ የበሽተኛን ምስጢር የሚጠብቅ አሠራር ይፈልጋል። ገንዘቡ ለሁሉም አንዴ ካልበቃ ደግሞ ክረምት መንገድ ከሚዘጋባቸው ጤና ጣቢያዎች ይጀመር። ሆስፒታል ቅርቡ የሆነ ሰው በእግሩም ይደርሳል።

እስከዚያው እናንተ ይህን አድርጉ፦

1. የሪፈር ወረቀታችሁን፣ የላብራቶሪ ውጤታችሁንና የመድኃኒት ማሸጊያውን በስልክ ፎቶ አንሡ።
2. የራጅ ፊልም ወይም የሲቲ ስካን ሲዲ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ውኃ በማይገባው ነገር ጠቅልሉት።
3. ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም በግራ በኩል ሆድ ካበጠ፣ በተለይ ለቀን ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ቆይታችሁ ከሆነ፣ «ካላዛር ይታይልኝ» በሉ።

እናንተስ? ፊልም ጠፍቶባችሁ ሁለቴ የተመረመራችሁ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለሚመለከተው አካል እንዲደርስም ሼር አድርጉት።