ስለ ቤት መድንና ስለ ካሳው

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙውን ነጋዴ ስለ መድን አሳስቦታል። ዳሩ ግን ውል መያዝ ብቻውን አይበቃም። 1,000,000 ብር ለሚያወጣ ቤት በ500,000 ብር ግምት መድን የገባ ሰው የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የሚከፈለው 100,000 ብር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለጎደለው ግምት ባለንብረቱን እንደ ራሱ መድን ሰጪ ይቆጥረዋልና። እኔም የአሠሪዬን ውል በየዓመቱ በአሮጌው ዋጋ ሳሳድስ ኖሬአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን አረቦኑን የሚቀበለው ወገን የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ መናሩን አያውቅምን? ግምቱ ማነሱ ሊነገር የሚገባው ውሉ ሲታደስ እንጂ ገማቹ ዐመዱ ላይ ቆሞ ሲለካ አይደለም። ምክር ቤታችን ይህ ማሳሰቢያ በዕድሳቱ ደረሰኝ ላይ በግልጥ እንዲጻፍ ኩባንያዎቹን ቢጠይቅልን እንወዳለን።