100 ሞልቷል፤ አሁን ውደጂኝ!

እስኪ በአንድ ነገር እንስማማ። አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት በየሳምንቱ ሐብል እየገዛ ሲሰጣት ከርሞ፣ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጦ «በይ እንግዲህ፣ ሒሳቡ ሞልቷል» ቢላት፣ እኛ ሰፈር ለዚህ ሰው የሚሰጠው ስም አለ። እዚህ ባንጽፈው ይሻላል። ይኸው ነገር ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ስሙ «ሮማንስ» ይባላል፤ ሠሪዎቹም «ገጸ ባሕርያቱ ነፍስ አላቸው» ተብለው ይመሰገናሉ።

የምናወራው ስለ ኳስ ጌም አይደለም። የሰፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት በጨዋታ ስለሚያስከፍል 80 ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጨርስ ቱጃር ገና አልተወለደም። የምናወራው ቤት ዘግተን፣ መብራት እንዳይጠፋብን እየተሳልን የምንጫወታቸውን፣ ሰይፍና ዘንዶ፣ አስማትና ቤተ መንግሥት ስላለባቸው የሮል ፕሌይንግ ጌሞች ነው። እዚያ ውስጥ ብቻችሁን አትዘምቱም። የጉዞ ጓዶች አሏችሁ (የደርጉን ጓድ ማለታችን አይደለም)። ይከተሏችኋል፣ ያወሯችኋል፣ ያኮርፏችኋል፤ ከመሃላቸው አንዱን ወይ አንዷን ማፍቀርም ይቻላል። በየመንገዱ ደግሞ «ታድነዋለህ ወይስ ትገድለዋለህ?» ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላችኋል። ምርጫውና ፍቅሩ የእነዚህ ጌሞች ኩራት ናቸው፤ ማስታወቂያቸውም በእነሱ ነው። የጌም ጋዜጠኞችም «ምርጫህ ዋጋ አለው» የሚለውን የኩባንያ ቃል እንዳለ ይገለብጡታል። እኛ ጋዜጠኝነት በተማርንበት ክፍል ይህ ሥራ የሕዝብ ግንኙነት ነበር የሚባለው።

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ አብዛኞቹ ደግነትንም ፍቅርንም በአንድ የሱቅ ሚዛን ነው የሚመዝኑት። ጥሏችሁ መሄድ የማይችል ጓድ ቢወዳችሁ ምኑ ፍቅር ነው? ምንም የማያስከፍል ደግነትስ ምኑ ምርጫ ነው?

ከደግነቱ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) በ2004 የወጣው «ፌብል» ጥሩ ስትሆኑ የብርሃን አክሊል ይደፋላችኋል፣ ክፉ ስትሆኑ ቀንድ ያበቅልባችኋል። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ መብላት ደግ ያደርጋል፤ ነፍስ ያላቸውን ጫጩቶች መብላት ክፉ። በዚህ ሒሳብ ሁዳዴ ሲገባ የአገሩ ሰው ግማሹ አክሊል ደፍቶ ይውል ነበር። ቀልድ መሆኑ ገብቶናል። ችግሩ ሌሎቹ ሳይቀልዱ ያንኑ ማድረጋቸው ነው። በ2003ቱ የስታር ዋርስ ጌም፣ «ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ» (ጠፈር ላይ ቢሆንም ሰይፉና አስማቱ ያው ነው)፣ ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ስትሰጡ ወዲያው የብርሃን ነጥብ ይጨመርላችኋል። መጽውቶ ደረሰኝ መቀበል ማለት ነው።

ደረሰኝ ካለ ደግሞ ማንም ቆም ብሎ አይመርጥም፤ ይሰበስባል እንጂ። «ማስ ኢፌክት» ከ2007 ጀምሮ የመልካሙን ሰው አነጋገር በሰማያዊ፣ የጨካኙን በቀይ ቀለም እየጻፈ ሲያቀርብ ኖሮ፣ በ2020 ከሠሪዎቹ አንዱ ከተጫዋቹ 92 በመቶ የሚሆነው የመልካሙን መንገድ እንደመረጠ ተናገረ። የሰው ልጅ ጥሩ ፍጥረት ነው ብለው የተደሰቱ ነበሩ። እኛ ግን ከመቶ 92ቱ አንድ መልስ ያከበበበትን ፈተና ስናይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ፈታኙን ነው።

የምንወደውንም አንምረውም። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ በ2009 ያወጣው «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ» ውስጥ ሬድክሊፍ የሚባል ግንብ አለ። የጌታው ልጅ ኮነር ላይ ጋኔን ሰፍሮበታል፤ በዚያ ሰበብ የሞቱ ሰዎች እየተነሡ መንደሩን እየፈጁት ነው። ኮነር ገና ልጅ ነው። ልጁን መግደል ይቻላል። አለዚያ እናቱ ኢሶልድ በደም አስማት ሕይወቷን ሰጥታ ጋኔኑን ማሸነፍ ይቻላል፤ እናትየውም ራሷ «እኔ ልሙት» ትላለች። እዚህ ላይ ስንደርስ ወንበራችን ላይ ቀና ብለን ተቀመጥን። ከዚያስ? ሦስተኛ በር አለ፦ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ አስማተኞቹ ማማ ሄዶ እርዳታ መጥራት። መንገዱ የቀናት ነው። ትናንት መንደር የጨረሰው ጋኔን ግን እስክትመለሱ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃችኋል። ልጁም ይድናል፣ እናትየውም ትድናለች፣ ዋጋው ዜሮ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጋኔን አይተን አናውቅም።

የሚያበሳጨው የጌም ዓለም ከዚህ የተሻለ ማወቁ ነው። ሪቻርድ ጋሪዮት በ1985 በሠራው «አልቲማ 4» ውስጥ በመጨረሻ የሚገደል ክፉ ንጉሥ የለም፤ የጨዋታው ግብ በስምንት ምግባራት የተመሰከረለት ሰው መሆን ነው። ለአስማት የሚያስፈልጉትን ቅመሞች የሚሸጡት ዓይነ ስውሮች ናቸው። ሒሳቡን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ታስቀምጣላችሁ። አጉድላችሁ ብትከፍሉ ማንም አይጮህባችሁም፤ ቀንድም አይበቅልም። ጌሙ ግን ይዞባችኋል፤ የሐቀኝነታችሁ መዝገብ ዝም ብሎ ይጎድላል፣ የምታውቁት ቆይታችሁ ነው። ይህ ከተሠራ አርባ ዓመት አለፈው! የ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛው ክፍልም (2004) ደረሰኙን ለመቅደድ ሞክሮ ነበር፦ ለለማኙ ትሰጣላችሁ፣ ክሬያ የምትባል አሮጊት ትቆጣና ያ ሰው በሰጣችሁት ገንዘብ ምክንያት ሲደበደብ ታሳያችኋለች፤ ትከለክላላችሁ፣ ሰውየው ሌላውን ሲያጠቃ ታሳያችኋለች። ብዙ ተጫዋች እስከ ዛሬ ይረግማታል። እኛ ግን አሮጊቷን እንወዳታለን።

አሁን ወደ ፍቅሩ እንለፍ፤ የመጣነው ለዚህ ነው።

በ2000 የወጣው «ባልደርስ ጌት 2» ወንድ ሆኖ ለሚጫወት ሦስት ሴቶች አሰናድቶለታል፤ ሴት ሆና ለምትጫወት አንድ ወንድ። አኖመን ይባላል። አኖመንን የሚያውቁ ያዝኑልናል። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ጃሂራ ጨዋታው ሲጀምር ባሏ የተገደለባት ናት፤ የሙት ዓመቱ ሳይወጣ ተጫዋቹ ይጀነጅናታል። ያም ሆኖ ያ ጌም አንድ ክብር ነበረው፦ ስማችሁ ሲጎድፍ ደጋጎቹ ጓዶች ዕቃቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ።

«ድራገን ኤጅ» መጣና በእያንዳንዱ ጓድ ላይ ከ100 በታች እስከ 100 በላይ የሚቆጥር መለኪያ ሰቀለበት። ሞሪጋን ጌጣጌጥ ትወዳለች። አሊስተር ትንንሽ ሐውልት ይሰበስባል። ድሃ ስትረዱ ሞሪጋን ይከፋታል፤ ግድ የለም፣ ሐብል አለ። አሊስተር ፊት ግፍ ብትሠሩም ሐውልት አለ። ይህ እንግዲህ በአማርኛ እጅ መንሻ ነው፣ ሲብስ ጉቦ። በ2010 ደግሞ ኩባንያው በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጥ ተጨማሪ የስጦታ ጥቅል አወጣ፤ በአንድ ስጦታ መለኪያውን ሽቅብ የሚያስፈነጥር። የ2007ቱ «ዘ ዊቸር» ይባስ ብሎ ከሴት ጋር ባደራችሁ ቁጥር የሴትየዋ ሥዕል ያለበት ካርድ ይሸልማችሁ ነበር፤ ልጅ ሆነን የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ እንደምንሰበስበው። እውነት ለመናገር ተከታታዩ በኋላ አድጓል። በ2015ቱ ሦስተኛ ክፍል ለትሪስም ለየነፈርም «እወድሻለሁ» ያለ ብልጥ፣ ሁለቱ ተማክረው አልጋ ላይ አስረውት ይሄዳሉ። ከሁለት ያጣ ጎመን! የዚያን ማታ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ነበር።

«ይህን ሁሉ አድርጌላት…» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር የማታውቅ ሴት አለች? ሻይ ተጋብዛለች፣ ታክሲ ተከፍሎላታል፣ የሞባይል ካርድ ተልኮላታል፤ እሷ ደግሞ «እምቢ» አለች፤ ስለዚህ ከዳተኛ ናት። ይህን አስተሳሰብ ጌም አልፈጠረውም፤ ከጌም በፊት ነበረ። ጌም ያደረገው ማኅተም መምታት ነው፦ አዎ፣ በቂ ከሰጠህ ታገኛለህ፤ ካላገኘህ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ለሠሪዎቹ አመልክት። «ጌም እኮ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉን ወንድሞቻችን ለአንድ ሰይፍ ጉልበት መቀነስ ሦስት ሌሊት ሲከራከሩ አይተናቸዋል። ሰይፉን በቁም ነገር ከያዛችሁት ሰውንም ያዙት።

ይህን ሁሉ ገና በ1999 የነገረን ጌም ነበረ። «ፕሌንስኬፕ፦ ቶርመንት» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ የማይሞት፣ በሞተ ቁጥር ያለፈውን ረስቶ የሚነሣ ሰው ነው። ገና ሲነሣ ዴዮናራ የምትባል የሴት መንፈስ ታገኘዋለች፤ እስከ አሁን ትወደዋለች። ቆይቶ እንደምንረዳው ከቀድሞ ማንነቶቹ አንዱ ፍቅሯን አይቶ፣ አስልቶ፣ ስትሞትም መንፈሷ እንዲያገለግለው ሆን ብሎ ወደ ሞት ነድቷታል። የሚያባብል ቃል ሁሉ ይናገራት ነበር፤ ትክክለኛውን መልስ ያውቅ ነበራ! ይህን ስንጫወት ያየነው ራሳችንን ነው፦ ከሦስት መልሶች የትኛው ነጥብ እንደሚያመጣ እያሰላ የሚጫነውን ሰው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጌሞች ያንን ሰው ጀግና አደረጉት።

እንግዲህ አሊስተርን እንመልሰው፤ «ድራገን ኤጅ»ን የምንወደው በእሱ ነው። ሎጌይን የሚባለው የጦር አዛዥ በኦስታጋር ውጊያ ንጉሡን ከድቶ ጦሩን ይዞ ዘወር አለ፤ አሊስተር እንደ አባት የሚያየው ዱንካን እዚያው ቀረ። ወደ መጨረሻው ሎጌይን እጃችሁ ውስጥ ይወድቃል። ምሕረት አድርጋችሁ ወደ ጦራችሁ ልትቀላቅሉት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱም ደካማ አይደለም፣ ጠላት በር ላይ ነው፣ ሰውየውም ጦር ያውቃል። አሊስተር ግን አይቀበልም። መለኪያው 100 ቢሆን፣ ፍቅረኛው ብትሆኑ፣ ሐውልቱን ሁሉ ሰጥታችሁት ቢሆን ከጎናችሁ ተነሥቶ ይሄዳል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያ ሁሉ ስጦታ ምን ገዝቶልን ነበር? ምንም። እውነተኛው ጓድ የታየን በሩን ዘግቶ ሲወጣ ነው። ምሕረትም፣ ፍቅርም፣ የሞተ አባትም አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው አንዱ መውጣት ነበረበት። የሬድክሊፍን ግንብ የጻፈና ይህን የጻፈ አንድ ኩባንያ ነው ለማለት ይከብዳል።

ታዲያ ተጫዋቹ ምን አደረገ? ሎድ አደረገ! ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለቱንም የሚያስቀርበትን ዘዴ ፍለጋ ገባ። ቶቢ ፎክስ በ2015 ባወጣው «አንደርቴል» ለዚህ ሰው ጥሩ መልስ አለ። እንደ እናት የተቀበለቻችሁን ቶሪኤልን ገድላችሁ፣ ተጸጽታችሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብታተርፏት ፍላዊ የሚባል አበባ ብቅ ይልና ያደረጋችሁትን እንደሚያውቅ እየሣቀ ይነግራችኋል። ቶሪኤል አታስታውስም፣ እሱ ያስታውሳል።

ከአዲሶቹ ሁሉ ወደዚህ የቀረበው የቤልጅጉ ላሪያን በ2023 ያወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ነው። አስታሪዮን የሚባለው ደም መጣጭ ለ200 ዓመት የካዛዶር ባሪያ ነበር፤ ሥራው በመልኩ ሰው አማልሎ ለጌታው ማቅረብ። እናንተንም መጀመሪያ የሚያማልላችሁ በዚያው ልማድ ነው፤ ኋላ ራሱ ይናዘዘዋል። መሃል ላይ አንዲት ነጋዴ «ይንከሰኝና ጉልበት ለዘለቄታው የሚጨምር መድኃኒት ልስጣችሁ» ትላለች። እሱ አይፈልግም። ጫን ብትሉት ያደርገዋል፤ መድኃኒቱን ታገኛላችሁ፣ በመካከላችሁ የነበረው ግን ሊፈርስ ይችላል። ይህ ነው የምንለው! «እምቢ» ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምትከፍሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ይህ ጌም ግን በሌላ እጁ ያፈርሳል። በወጣ ሰሞን ጓዶቹ ሁሉ ገና ሳትተዋወቁ ካልተቃቀፍን ሲሉ ነበር፤ የኩባንያው ኃላፊ ስዌን ቪንክ በኋላ መለኪያው በስሕተት ዝቅ ብሎ ስለነበር ነው ብሏል። ስሕተቱ ተስተካከለ፤ ግን ስንቱ ሰው እንደ ስሕተት አይቶት ነበር? ሚንታራ ደግሞ አለች። መጀመሪያ እሷን ለማሰለፍ ስደተኞች የተጠለሉበትን ጫካ አብሯት መፍጀት የግድ ነበር። ይህን ስታደርጉ ዊልና ካርላክ ይለይዋችኋል። ከባድ ምርጫ ነው፤ ክፉ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ግን ነው። ተጫዋቹ እሷንም እነሱንም ፈለገ። በኋላ በመጣ ማሻሻያ ሳትገድሏት ራሷን ስታ እንድትወድቅ ካደረጋችሁ ቆይታ ትቀላቀላችኋለች፤ ስደተኞቹም በሕይወት አሉ፣ ዊልም አለ፣ ካርላክም አለች። የሬድክሊፉ ጋኔን ደግሞ እጁን አጣጥፎ መጣ።

አንድ ቃል ለሌላኛው ወገን፣ ፍቅሩን «የሴት ነገር» ብሎ ከጌም ይውጣ ለሚለው። በ2012 የባዮዌር ጸሐፊ ጄኒፈር ሄፕለር ከዓመታት በፊት በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ንግግሩን ዘሎ ማለፍ እንደሚቻል ውጊያውንም ዘሎ ማለፍ ቢቻል ብላለች ተብሎ የስድብ ዶፍ ወረደባት። ሰዎቹ የተሳደቡት ለሰይፋቸው ነው። እኛ ከእነሱ ጋር አይደለንም። ፍቅሩ ይኑር፤ ከዚህም በላይ ይኑር። መለኪያው ይነሣ፣ ስጦታው የማይገዛ ይሁን፣ ኮነርን ለማዳን የምንሄድበት መንገድ ጊዜ ይውሰድብን፤ ሚንታራን የፈለገ ካርላክን ይጣ። ሎድ የምትለውን ቁልፍ ለሠሪዎቹ እንተዋለን፤ ቢያንስ ግን አንድ አበባ ያስቀምጡባት።